«ሳውቦና» ያለ አፍ «ጡማ» ለማለት ምን ያዘው?

እስቲ ወገኖቼ ልጠይቃችሁ፤ በሰፈራችሁ ደቡብ አፍሪካ የገባ ልጅ የሌለው ቤት ስንት ነው? ከሆሳዕናና ከዱራሜ የወጡ ልጆቻችን በሞያሌ አልፈው ወደ ደቡብ ሲወርዱ የየአገሩን ሰላምታ በመንገድ ላይ ይማራሉ። ኬንያ «ሀባሪ» ነው፣ ወሬው እንዴት ነው እንደማለት። ማላዊ «ሙሊ ብዋንጂ»። ጆሃንስበርግ ሱቅ የከፈተው ደግሞ ደንበኛው ዙሉ ከሆነ «ሳውቦና» ይለዋል፤ በቀጥታ ሲፈታ «አየንህ» ነው። ሰውየው «ዬቦ» ብሎ ይመልስለታል።

ይሄ ለጨዋታ የተለመደ አይደለም። በባዕድ አገር በሰው ቋንቋ ሰላም ማለት አንዳንዴ እንጀራ ነው፣ አንዳንዴም ነፍስ። የመንገዱን ክፋት ታውቁታላችሁ፤ መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው የተገኙት በዚሁ መስመር ነው።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ የቀረነው ነን። የሆሳዕናው ልጅ ዱራሜ ሲወርድ «ሰላም ነው?» ብሎ በአማርኛ ያልፋል። የዱራሜውም ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ዓመታት ተምሮ እንደዚያው ይመለሳል። አማርኛን አልጠላሁም፣ ይህንኑ በምን እየጻፍኩ ነው? ግን ሀዲይሳና ከምባትሳ እኮ እህትማማች ቋንቋዎች ናቸው፤ «ጡማ» ሲባል ሁለቱም ጆሮ ሰላምን ይሰማል። ለዚህ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል?

«በሌላው ቋንቋ ካናገርኩ ማንነቴን ለቀቅኩ» የሚል አለ። በሉ እሺ! ጆሃንስበርግ ያለው ወንድማችሁ በቀን ስንት ጊዜ «ሳውቦና» ይላል? ሀዲያነቱ ከምባታነቱ ቀነሰበት? ለዙሉ ያላፈርንበትን ለጎረቤት ስናፍርበት ነው ነገሩ የሚያስቀው።

ነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ሆሳዕና የሀዲያ ብቻ ከተማ አይደለችም። ለጉዳይ ጉራጌው ይመጣል፣ ስልጤው ይመጣል፣ ሀላባው፣ ከምባታው፣ የሙ ይመጣል። እያንዳንዱ በር ላይ በራሱ ቋንቋ አንዲት ቃል ቢሰማ ጉዳዩ ባያልቅለት እንኳ እንደ ባዕድ አይሰማውም።

ከበዓል እንጀምር። መስከረም ላይ ያሆዴ ሲከበር የመድረክ አስተዋዋቂው የመጣውን እንግዳ በየቋንቋው ይቀበል። ዱራሜም በመሳላ እንዲሁ ታድርግ። ቃሉን የማያውቅ አስተዋዋቂ ካለ፣ ከፊቱ ከተቀመጠው እንግዳ ይጠይቅ።