የሂሳብ አያያዝ ለውጥና የመብራት ተጠቃሚው ጥቅም

የሂሳብ መዝገብ የሂሳብ ሹሙና የኦዲተሩ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ የቆየ ልማድ ነው። ይህ አመለካከት ስሕተት መሆኑን የጎንደር ከተማ የቀበሌ ነዋሪም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚኖረው ሠራተኛ በየወሩ ከሚከፍለው የመብራት ሂሳብ ሊረዳው ይችላል። አንድ ድርጅት ወጪዬ ይህን ያህል ነው ብሎ የሚያሳውቀው በሚከተለው የሂሳብ ደንብ መሠረት ሲሆን፣ የታሪፍ ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ወጪ ነውና።

እንደሚታወቀው፣ በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመው የመብራትና የኃይል ባለሥልጣን ጀምሮ በአንድ ቤት ሲመራ የቆየው ሥራ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የማመንጫውንና የታላላቅ መስመሮቹን ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የሥርጭቱንና የሽያጩን ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይዘውታል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ደግሞ ድርጅቶች በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች እንዲመሩ ደነገገ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። በመርሐ ግብሩ መሠረት ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና የፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅቶች ቀዳሚ ሆነው ሰኔ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. የሚዘጋውን ሂሳብ በአዲሱ ደረጃ እንዲያቀርቡ ተወሰነ።

የሽግግሩ የመጀመሪያ ከባድ ሥራ የንብረት ቆጠራ ነው። ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦውና ቆጣሪው የት እንዳለ፣ መቼ እንደተተከለና ዛሬም ይሠራ እንደሆነ ተለይቶ መታወቅ አለበት። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንድ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበር። በዚያ ዘመን ዋጋ የተመዘገበ ንብረትና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ በአንድ ዓምድ ቢደመሩ፣ ድምሩ ስለ ሀብቱ እውነተኛ መጠን የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወደ አዲሱ ደረጃ የሚሸጋገር ድርጅት ነባር ንብረቱን በወቅቱ ተገቢ ዋጋ ገምቶ እንዲነሣ ይፈቀድለታል። ንብረቱ ከፍ ባለ ዋጋ ሲመዘገብ ግን በየዓመቱ የሚታሰበው የእርጅና ቅናሽም አብሮ ከፍ ይላል፤ የእርጅና ቅናሽ ወጪ ነው፤ ወጪም የታሪፍ መነሻ ነው።

ደረጃው የንብረቱ የአገልግሎት ዘመን በየዓመቱ መጨረሻ እንዲመረመርም ያዛል። የዚህን ትርጉም የጎንደር ሕዝብ ከውኃው ያውቀዋል። የአንገረብ ግድብ በደለል ሲሞላና ውኃ የመያዝ አቅሙ ሲቀንስ አይቷል። በመዝገብ ላይ ብዙ ዓመት የቀረው ግድብ በመሬት ላይ ጥቂት የቀረው ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ይህን ካላወቀ ስለ ምትኩ ማሰቡም ይዘገያል።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። በዶላር የተወሰደ ዕዳ ሂሳብ በሚዘጋበት ቀን ምንዛሪ እንደገና ይሰላል፤ ዕዳው ያደገበት ልዩነትም ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። የ2016 በጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ገና 22 ቀን እንዳለፈው፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት አንዲት ሳንቲም ሳይበደር ከ40 ሚሊዮን ብር በላይ ዕዳ ተጨመረበት ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ እንዲሄድ መወሰኑንም በእኛ አስተያየት ከዚህ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የምንዛሪውን ለውጥ በምጣድ እንጀራ የምትጋግር እናት አልወሰነችውም፤ ሸክሙን ብቻዋን እንድትሸከመው ማድረግም ፍትሐዊ አይሆንም። በባሕር ዳርና በጎንደር በኩል በመተማ አልፎ ወደ ሱዳን የሚዘልቀው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያስገኘው የዶላር ገቢም አለ። ኪሳራው ሲነገር ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል። እርግጥ ነው፣ ገዢው አገር ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ላይ በመሆኑ፣ አዲሱ ደረጃ ሻጩ ላይሰበሰብ የሚችለውን ዕዳ አስቀድሞ ገምቶ እንዲይዝ ያስገድደዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሕዝቡ በመዋጮ የገዛው ንብረት ነው። በብዙ መንደሮች ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ምሰሶና ሽቦ ገዝተው፣ ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፍረው መብራት ማስገባታቸውን የማያውቅ የለም። በአዲሱ ደረጃ ድርጅቱ ምሰሶውን ተረክቦ የሚቆጣጠረው ከሆነ በተገቢው ዋጋ በንብረትነት ይመዘግበዋል፤ በአንፃሩም እንደ ገቢ ይይዘዋል። ይህ በሂሳብ ሙያ ትክክል ነው። ነገር ግን የዚያው ምሰሶ የእርጅና ቅናሽ ወደ ታሪፍ ስሌት ከገባ ነዋሪው አንዱን ምሰሶ ሁለት ጊዜ ገዛው፤ መጀመሪያ በመዋጮ፣ ቀጥሎ በየወሩ ሂሳብ። የሪፖርት ደረጃው ስለ ታሪፍ አይደነግግም፤ ታሪፉን የሚያጠናው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። በአሜሪካ ያሉ የታሪፍ ተቆጣጣሪዎች ደንበኛው በመዋጮ ያሠራውን ንብረት ከታሪፍ መነሻ ሲቀንሱ ኖረዋል። በእኛም ዘንድ መዋጮው በመዝገቡ ለብቻው ተለይቶ እንዳይታይ የሚያግድ ነገር አይታየንም።

ይህን ስንል ደረጃውን መቃወማችን አይደለም። ንብረቱን ቆጥሮ የማያውቅ ድርጅት የተሰረቀበትንም ሊያውቅ አይችልም። የምንለው ቆጠራው በሚካሄድበት ጊዜ ሕዝቡም የራሱን ድርሻ ቆጥሮ ይቅረብ ነው። የመንደር ኮሚቴዎች የመዋጮውን ደረሰኝ፣ የርክክቡን ቃለ ጉባኤና የምሰሶውን ብዛት በሦስት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለቀበሌው፣ አንዱን ለአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ሊሰጡ፣ ሦስተኛውን ሊያስቀሩ ይገባል። ደረሰኙ በሰብሳቢው ቤት በፌስታል ታስሮ ከቀረ፣ ንብረት መዝጋቢው ምሰሶው በማን ገንዘብ እንደቆመ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።