ለጥያቄው የሚበቃ ምስል፤ በአነስተኛ እንስሳት የሲቲ ስካን ምርመራ የጨረር መጠን አወሳሰን

የሲቲ ስካን መሣሪያ ከተራው የራጅ መሣሪያ የሚለየው ጨረሩን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በእንስሳው ዙሪያ እየዞረ ከብዙ አቅጣጫ በመልቀቁ ነው። በሌላ በኩል አልፎ የሚወጣው ጨረር ይለካና በኮምፒዩተር ተሰልቶ፣ አካሉ እንደ ድፎ ዳቦ በቀጫጭኑ ተቆርሶ የታየ ያህል ምስል ይሰጣል። መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሕመምተኛ ላይ የተሠራበት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በለንደን ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ ለእርባታ ምርምር ዋለ። ጥቅሙም ግልጽ ነው። ቀድሞ የአንድን አውራ በግ የሥጋና የስብ ይዞታ በትክክል ለማወቅ እርሱን ወይም ልጆቹን ማረድ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አውራው ሳይታረድ ይታወቃል።

ሆኖም በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ምስሉ በጠራ ቁጥር ሥራው የተሻለ ነው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ አስተያየት ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ጥሩ ምስል የሚባለው ዓይን የሚማርከው ሳይሆን ለቀረበው ጥያቄ የሚበቃው ነው። ከዚያ በላይ የሚሰጠው ጨረር ያለ ጥቅም የሚወጣ ወጪ ሲሆን፣ ወጪውን የሚከፍሉትም እንስሳው፣ ሠራተኛውና የምርምሩ ውጤት ናቸው።

ጥራትና ጨረር እንዴት እንደሚያያዙ ማወቅ ይጠቅማል። በእጅ የሚዘራ ጤፍ ጥቂት ሲበተን ማሳው እዚህ ሳሳ፣ እዚያ ጠቅጠቅ ይላል። ጨረርም እንደዚሁ ነው፤ ሲያንስ ምስሉ በነጠብጣብ ይዥጎረጎራል። ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ ግን ጨረሩን እጥፍ ማድረግ አይበቃም፤ 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ዝርዝሩን ለማድቀቅ ሲፈለግ ደግሞ ዋጋው ከዚህ ይብሳል። የምስሉ ጥቃቅን ክፍሎች በቁመት፣ በወርድና በጥልቀት በግማሽ ቢያንሱና ነጠብጣቡ እንዳይጨምር ቢፈለግ፣ የጨረሩ መጠን ወደ 16 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ሲበዛ ማርም ይመራል እንደሚባለው፣ ጥራት ያለ ልክ ሲፈለግ ጉዳት ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል በብሪታንያ የሥጋ በጎች እርባታ የተሠራበትን ዘዴ እንመልከት። ጥያቄው በበጉ አካል ውስጥ ስብ፣ ቀይ ሥጋና አጥንት ምን ያህል ነው የሚል ነበር። በሲቲ ስካን መለኪያ ውኃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ ስብ ከዜሮ በታች፣ ጡንቻ ከዜሮ በላይ፣ አጥንት ከሁሉም በላይ ይሆናል። ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ እያንዳንዷን ነጥብ አጥርቶ ማየት አያስፈልግም። ስለዚህ መላ አካሉን ከማንሣት ይልቅ ከዳሌው፣ ከ5ኛው የወገብ አከርካሪና ከ8ኛው የደረት አከርካሪ ላይ 3 ቁራጭ ምስሎች ብቻ በመውሰድ የቀረውን በቀመር ማስላት ተቻለ። የአከርካሪ ቁጥርና ርዝመት በተፈለገ ጊዜም፣ በጉ በትክክል መተኛቱን ለማየት በአነስተኛ ጨረር ከሚወሰደው ቅድመ ምስል ላይ ሊለካ እንደሚችል ታየ። ጨረሩ ያነሰው መሣሪያው ስለተለወጠ ሳይሆን ጥያቄው አስቀድሞ በሚገባ ስለተወሰነ ነው።

የቤተ ሙከራ አይጥ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አይጥ ትንሽ በመሆኗ ዝርዝሩ ከሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ጨረሩ ይበዛል። በአንድ ምርመራ ከአሥር ቤት ሚሊግሬይ አንሥቶ እስከ ብዙ መቶ ሚሊግሬይ ሊደርስ ይችላል። አንዲት አይጥ በ300 ሚሊግሬይ 10 ጊዜ ብትመረመር ድምሩ 3 ግሬይ ይሆናል። መላ አካልን በአንድ ጊዜ ሲመታ ግማሾቹን አይጦች በ30 ቀን ውስጥ የሚገድለው መጠን እንደ ዘራቸው ከ6 እስከ 9 ግሬይ ገደማ ነው። በየጊዜው ተከፋፍሎ የሚሰጥ ጨረር ጉዳቱ ቢቀንስም የደም ሴሎችንና የዕጢን ዕድገት ሊለውጥ ይችላል። እንግዲህ መድኃኒት ወይም መኖ ሲፈተን የታየው ለውጥ ከመድኃኒቱ ነው ወይስ ከምርመራው? ይህን መለየት ካልተቻለ የጠራው ምስል የተበላሸ ውጤት መያዣ ሆነ ማለት ነው።

ጨረር በመጨመር የማይድን የምስል ጉድለት መኖሩም ሊታወቅ ይገባል። እንስሳው ከተንቀሳቀሰ ወይም በኃይል ከተነፈሰ ምስሉ ይደበዝዛል፤ መፍትሔው ማደንዘዣ፣ ጥሩ መደገፊያና ምስሉን ከአተነፋፈስ ጋር ማስማማት ነው። ለምስሉ ሳይጠቅም በቆዳ ላይ የሚቀረው ደካማ ጨረር በስስ የአሉሚኒየም ማጣሪያ ይቀነሳል። የኤሌክትሪክ ኃይሉም በእንስሳው ውፍረት ልክ ይመረጣል፤ ለበግ የሚስማማው ለአይጥ አይስማማም። ኮምፒዩተሩ ምስሉን የሚያሰላበት ዘመናዊ ዘዴም ነጠብጣቡን ያለ ተጨማሪ ጨረር ሊቀንስ ይችላል።

በአንጻሩ ጨረርን ያለ ልክ መቀነስም ቁጠባ አይደለም። ሊነበብ ያልቻለ ምስል ይደገማል፤ ሲደገም የመጀመሪያው ጨረር በሙሉ ከንቱ ይሆናል። ይባስ ብሎም ባልጠራ ምስል ላይ ተመሥርቶ ደካማ አውራ ይመረጣል። ዓላማው ትንሹ መጠን ሳይሆን የሚበቃው ትንሹ መጠን ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች በግ ዕድሜው አጭር ነውና ጨረሩ ምን ያህል ይጎዳዋል ይላሉ። ለእርድ ለሚቀርብ ሙክት ይህ አባባል ከሞላ ጎደል እውነትነት አለው። ለዘር ለሚቀር አውራና ለረገዘች በግ ግን አይሠራም። ከሁሉም በላይ ሰው አለ። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከል ኮሚሽን ለጨረር ሠራተኛ በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለሌላው ሕዝብ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ወሰን አስቀምጧል። በ2022ም የእንስሳት ሕክምናን ብቻ የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። በጉን ይዞ የመጣው ገበሬ የጨረር ሠራተኛ አይደለም፤ ስለዚህ በምርመራው ጊዜ እንስሳውን ይዞ ክፍሉ ውስጥ እንዲቆም መደረግ የለበትም። እንስሳው ይደንዘዝ፣ ይታሰር፣ ሰው ሁሉ ይውጣ።

ይህ ነገር ለእኛ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ ከ2009 ጀምሮ በተካሄደው በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ የበግ እርባታ፣ አውራ የሚመረጠው በሚዛንና በመዝገብ ነው። የክብደት መዝገብ ምንም ጨረር የለውም። ሌሎች አገሮችም ቢሆኑ መጀመሪያ ሁሉንም በሚዛንና በአልትራሳውንድ ከለዩ በኋላ ምርጥ የሆኑትን ጥቂቶቹን ብቻ ወደ ሲቲ ስካን ይወስዳሉ። መዝገቡን በሚገባ ያልያዘ ማኅበር ሲቲ ስካን ቢያገኝም አይጠቅመውም። ደግሞም ቀጭን ጅራት ባላቸው በጎች ላይ የተሠራ ቀመር፣ ብዙ ስባቸውን በላታቸው ለሚያከማቹ የአገራችን በጎች እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ በራሳቸው ላይ ተፈትኖ መስተካከል አለበት።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ኮሚቴዎች፣ እንስሳት ለእንዲህ ያለ ምርመራ ሲጠየቁ አስቀድመው የሚከተሉትን ቢጠይቁ መልካም ነው።

1. ምርመራው የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? በሚዛን ወይም በአልትራሳውንድ ሊመለስ አይችልምን?

2. ምን ያህል የአካል ክፍልና ስንት ቁራጭ ምስል ይበቃል?

3. እንስሳው ስንት ጊዜ ይመረመራል? የጨረሩ ድምር በየእንስሳው ይመዘገባል ወይ?

4. በምርመራው ጊዜ እንስሳውን የሚይዘው ምንድን ነው? ሰው ነው ወይስ መደገፊያ?

5. ከእንስሳቱ መካከል የረገዘች አለች ወይ?

እነዚህን ጥያቄዎች ለማቅረብ የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልግም። መልስ የሌለው መርማሪ ካጋጠመ ግን፣ መልሱን እስኪያዘጋጅ ድረስ በጎቹ ከጋጣቸው ባይወጡ ይሻላል።