አዝማቹን ማን ጭፍራ አደረገው?

ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ኔት ዶግ ሲወራ ፍርዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድምፁ ድንቅ ነበር፣ ዕድሜውን ግን የሰው ዘፈን ሲያደምቅ ፈጀው ይባላል። ይህን ፍርድ አልቀበልም። መለኪያው አልበም መቁጠር ነው፤ የራሱ አልበም የበዛለት ዋና፣ ያነሰው አጃቢ ይሆናል።

አዝማች የሚለው የራሳችን ቃል ስህተቱን ያርመዋል። አዝማች ጦር የሚያዘምት ነው፤ ደጃዝማችና ግራዝማችም ከዚሁ የወጡ ማዕረጎች ናቸው። በዘፈንም ስንኙ ሄዶ ሄዶ የሚመለሰው ወደ አዝማቹ ነው። ሰው ግጥሙን ቢረሳ አዝማቹን አይረሳም። ታዲያ እሱን የዘፈነው ሰው በምን ሒሳብ ጭፍራ ተባለ?

ኔት ዶግ፣ በእውነተኛ ስሙ ናትናኤል ሄል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተወለደ የፓስተር ልጅ ነው፤ ዘፈን የጀመረው በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። ከአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ከወጣ በኋላ ከስኑፕ ዶግና ከዋረን ጂ ጋር በሎንግ ቢች 213 የተባለውን ቡድን መሠረተ፤ ስሙ በጊዜው የአካባቢው የስልክ ኮድ ነበር። ያ ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ስለ ጠመንጃና ስለ መንደር ጠብ ሲያዜም እንኳ የመዝሙር ወዙ አልለቀቀውም።

«ሬጉሌት»ን አዳምጡት። በ1994 በቢልቦርድ ሠንጠረዥ 2ኛ የደረሰው ይህ ዘፈን አዝማች የለውም። ዋረን ጂ ቁማር ጨዋታ መሐል ገብቶ በጠመንጃ ይዘረፋል፤ እሱን ፍለጋ ሲዞር የነበረው ኔት ዶግ ደርሶ ያስጥለዋል። ታሪኩን ሁለቱ እየተቀባበሉ ይተርኩታል፤ አንዱ በራፕ፣ አንዱ በዜማ። የጭንቁን ሰዓት፣ ተኩሱን፣ መዳኑን የሚነግረን ኔት ዶግ ነው። «አዝማች ዘፋኝ» ብለው ያሳነሱት ሰው ትልቁን ሥራውን የሠራው አዝማች በሌለበት ዘፈን ላይ መሆኑ ለእኔ ክርክሩን ይዘጋዋል።

እርግጥ ነው፣ በእንግድነት መዝፈኑ እንጀራም ዝናም ሆኖታል። ግን ዋጋው ምን ነበር? በዶክተር ድሬ «ዘ ክሮኒክ» አልበም ላይ ከተሰማ ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ነው የመጀመሪያ አልበሙ ከብዙ መዘግየት በኋላ የወጣው። በ2003 ከፊፍቲ ሴንት ጋር የሠራው ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 1ኛ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሊወጣ የታሰበው የራሱ አልበም መደርደሪያ ላይ ቀረ። ድምፁን ለማዋስ የሚጣደፈው ኢንዱስትሪ ለባለቤቱ ሲሆን እግሩ ይጎተታል። ይህ የችሎታ ጉድለት ሳይሆን የንግድ ምርጫ ነው፤ ተቺው ምርጫውን እንደ ዳኝነት ተቀብሎ ማስተጋባቱ ነው የሚያናድደኝ።

የስም ነገርም ቀላል አይደለም። «ዘ ኔክስት ኤፒሶድ» በሲንግልነት ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የተጠሩት ዶክተር ድሬና ስኑፕ ዶግ ናቸው፤ ዘፈኑን የሚዘጋው ግን የኔት ዶግ ድምፅ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከዲጂታል ሬዲዮ ከሚሰበሰበው ክፍያ 50 በመቶው ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶው ለዋናው አርቲስት፣ 5 በመቶው ለአጃቢዎች ይከፈላል። በዋናና በአጃቢ መካከል ያለው መስመር እንጀራ የሚቆርስ መስመር ነውና፣ ቃሉን እንዳሻን ልንወረውረው አይገባም።

ኔት ዶግን በ2007 እና በ2008 ስትሮክ መታው፤ በ2011 በ41 ዓመቱ አረፈ። ለግራሚ በተደጋጋሚ ታጭቶ አንድም ጊዜ አልተሸለመም። በ2002 ከኤሚነም ጋር የሠራው «ቲል አይ ኮላፕስ» በሲንግልነት ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ በስፖቲፋይ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል። ኤሚነም ትንፋሹ እስኪያልቅ ይገሰግሳል፤ ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ይገባና ዘፈኑን ያሳርፈዋል።