ጨርቁ ታየ፤ የሰፋችው ልጅስ?

አሜሪካኖች በፈረንጆቹ ኦክቶበር ወር የመጀመሪያ ዓርብ ላይ “የማኑፋክቸሪንግ ቀን” ያከብራሉ። በዕለቱ ፋብሪካዎች በራቸውን ለተማሪዎች ከፍተው ማሽኑንና ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ያሳያሉ። እኛም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ “ኢትዮጵያ ታምርት” የሚል ንቅናቄ አለን፤ ዐውደ ርዕዩም በሚሌኒየም አዳራሽ ሲካሄድ አይተናል። ነገሩ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ጨርቁ በአዳራሽ ሲታይ ጨርቁን የሰፋችው ልጅ እንዴት እንደምትኖር የሚጠይቅ አይበዛም።

ይህችን ልጅ ለማግኘት ሰሜን ወሎ መሄድ ይበጃል። መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የሀብሩ መሬት ንፉግ አይደለም። የጊራና ሸለቆ መስኖ፣ ሽንኩርቱና ፍራፍሬው፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ይታወቃሉ። ችግሩ ሽንኩርቱ ጥሬውን በአይሱዙ ተጭኖ እንደሚወጣ ሁሉ ወጣቱም ሙያ ሳይዝ መውጣቱ ነው። ከሀብሩ የተነሳ ወጣት ለዓመታት ያየው መንገድ በአፋርና በጅቡቲ አልፎ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያደርሰውን ነበር። በዚያ መንገድ ባሕር የበላውን የማያውቅ ቀበሌ ያለ አይመስለኝም።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ለዚህ አካባቢ ትልቅ ተስፋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በወልድያም ሆነ በመርሳ ይህን የሚያክል ፓርክ የለም። በደርግ ዘመን የተተከለው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ ቤተሰብ ያስተዳደረ በመሆኑ ወላጆችም “ፋብሪካ ገባች” ማለትን ያውቁታል። ወደ አዲሱ ፓርክ ከገቡት መካከል የአሜሪካው ትራይበስና የጣሊያኑ ካርቪኮ ይገኙበታል።

ባለሀብቱን የጠራው ምን ነበር? አንዱ አጎዋ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ይህ የአሜሪካ ሕግ ለአንዳንድ ልብስ ከ30 በመቶ የሚበልጠውን ቀረጥ ያነሳ ነበር። ሌላው የጉልበታችን ርካሽነት ነው፤ ይህንንም መንግሥታችን ራሱ በኩራት አስተዋውቆታል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በሐዋሳ ፓርክ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈው፣ በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ነው ብለውታል። ቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ ከዚህ ወደ እናት የሚላክ ምን ይተርፋል? ልጂቱ ሥራውን ትታ ስትሄድ አንዳንድ አሠሪዎች “የሥራ ባህል የላትም” ይላሉ። እኔ ግን ሂሳብ ታውቃለች እላለሁ።

ከዚያ 2014 መጣ። ወልድያ በነሐሴ 2013 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር፤ ኮምቦልቻም በጥቅምት 2014 መጨረሻ ገደማ ተያዘች። በከተማዋ ያሉ ፋብሪካዎች ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚሰርዝ ያስታወቀውም በዚያው ሰሞን ነበር። በኅዳር የአሜሪካው ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን መዝጋቱን ተናገረ። ወልድያ በታኅሣሥ ወር ነጻ ስትወጣ፣ በዚያው ወር 23ኛ ቀን የአጎዋ በር ተዘጋ። ዋሽንግተን የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርጋለች። ጦርነቱ ከቤቷ ያፈናቀላት ልጅ ግን ሥራዋንም በጦርነቱ ስም አጣች። ውሳኔውን ከሰጡት ከሁለቱም ወገን አንድም ባለሥልጣን ደመወዙ የተቋረጠበት የለም።

በዋሽንግተን ላይ ብቻ መጮህ ግን ከራሳችን ጥያቄ አያስመልጠንም። አጎዋን እንደገና ማግኘት የእኛ ውሳኔ አይደለም፤ የደመወዝ ወለል ግን በእጃችን ያለ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወለሉን መጠን አልቆረጠም። መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ብቻ ደንግጓል። ቦርዱ ሲሰበሰብ ማስላት የሚገባው የኮምቦልቻን የአንድ ክፍል ኪራይ፣ ከመርሳ ደርሶ መልስ የአውቶቡስ ዋጋና ደላላው ለሳዑዲ መንገድ የሚጠራውን ተስፋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው።