በሩጫ መካከል ራሱን ስለሚስት ሰው

ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች መካከል እጅግ ስመ ጥር የነበረው ፒት ማራቪች፣ ዐሥር የውድድር ዘመን ሙሉ በሀገሩ ታላቅ ሊግ ሲሮጥና ሲዘል ኖሮ፣ ጨዋታውን ከተወም ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1988 በፓሳዴና ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የስፖርት አዳራሽ ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት፣ በ40 ዓመቱ ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ በተመረመረ ጊዜ፣ ለልብ ሥጋ ደም ከሚያደርሱት ሁለት ደም ቅዳዎች ግራው ከልደቱ ጀምሮ ያልነበረው ሆኖ ተገኘ፤ ያን ሁሉ ዘመን መላ ልቡን ሲመግብ የኖረው ቀኙ ብቻ ነበር።

በአብዛኛው ሰው እነዚህ ደም ቅዳዎች፣ አኦርታ የተባለው ታላቁ ደም ቅዳ ከልብ በሚወጣበት ሥፍራ፣ ግራው ከግራ ቀኙም ከቀኝ ይነሣሉ፤ ከመቶ አንድ በሚሆነው ሰው ግን ይህ ሥርዓተ ተፈጥሮ በጥቂቱም ቢሆን ይለወጣል፣ ለውጡም ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። የሚያስፈራው፣ ግራው ደም ቅዳ ከቀኝ በኩል ተነሥቶ በአኦርታና በሳንባ ደም ቅዳ መካከል ሾልኮ ሲያልፍ ነው፤ አፉ እንደ ስንጥቅ የጠበበ፣ ጅማሬውም በአኦርታው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ስለሚሆን፣ ሰውየው ሲሮጥ አኦርታው በደም ግፊት በተወጠረ ጊዜ፣ ልብ ደም አብዝቶ በሚሻበት በዚያች ሰዓት፣ መንገዱ ይጣበባል። ዐርፎ ሲቀመጥ ግን ደሙ እንደ ልማዱ ይፈሳልና፣ ያን ጊዜ የተነሣው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ሙግቴ ከዚህ ላይ ነው። በሩጫ ወይም በኳስ መካከል ራሱን የሳተ ሰው ወደ ሐኪም ሲቀርብ፣ ጾም ነው፣ ድካም ነው፣ ውኃ ጥም ነው እየተባለ፣ ኢሲጂው ደኅና ስለ ሆነ ብቻ ወደ ቤቱ መሸኘቱ ከባድ በደል ነው። በዚህ የደም ቅዳ መነሻ መዛባት በድንገት የሞቱ ወጣት ስፖርተኞች መዝገብ በተመረመረ ጊዜ፣ ከመካከላቸው አስቀድመው ራሳቸውን የሳቱ ወይም ደረታቸውን ያመማቸው እንደ ነበሩ፣ እየሮጡ የተደረገላቸው ፈተና እንኳ ደኅና ተብሎ እንደ ነበረ ታውቋል። ምልክት የሌለው ሕዝብ ሁሉ በሲቲ ስካን ይታይ አልልም፤ ድኻውን ለወጪ ጤነኛውንም ለሥጋት መዳረግ ይሆናልና። ነገር ግን በጥረት መካከል የወደቀ ሰው፣ የሁለቱ ደም ቅዳዎች መነሻ በኤኮ (በድምፅ ሞገድ የልብ ምርመራ)፣ በኤኮ ጠርቶ ካልታየም በሲቲ ስካን ሳይረጋገጥ፣ መዝገቡ ሊዘጋ አይገባም።

ሕማሙ በተገኘበት አዋቂ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ ማስተዋልን ይሻል። ግራው ከቀኝ ለተነሣበት ሰው፣ ይልቁንም ምልክት ላለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ቀዶ ጥገናን ይመክራል፤ በዚህም ጊዜ ብዙውን ጊዜ በግድግዳው የተቀበረው ክፍል ተከፍቶ አፉ ይሰፋል። ቀኙ ከግራ የተነሣበት ሰው ግን በቁጥር የበዛ፣ በአደጋም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ምንም ሳያውቅ ስድሳ ዓመት የኖረን፣ ለሌላ ጉዳይ ሲመረመር የተገኘበትን፣ በጥረት ፈተናም የደም እጥረት ያልታየበትን ሰው ደረቱን ለማስከፈት ማቻኮል አይገባም፤ ድንገተኛው ሞት ይበልጡን የወጣቶች መሆኑን ሐኪሙ በግልጽ ነግሮ፣ በክትትል ሊያኖረው ይችላል። ግራው ከሳንባ ደም ቅዳ የሚነሣበት፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ብላንድ፣ ኋይትና ጋርላንድ የገለጡት ሕማም ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይሰጠውም፤ ሳይታከሙ ከቀሩት አብዛኞቹ በሕፃንነት የሚሞቱበት ነውና፣ ቀኙ ደግፎት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ደኅና ነኝ ቢል እንኳ መታከም አለበት።

ታክሞ የዳነውም ስፖርተኛ ወደ ሜዳ የሚመለሰው፣ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥረት ፈተና ልቡ ደም እንዳላነሰው ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ይህንን ቀን ለማሳጠር አሠልጣኝም ሆነ ክለብ ሥልጣን የለውም።