ሕፃኑን ማን ነው የያዘው?

ዛሬ በጤና ዓምዳችን የምንጽፈው ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ነው። «ይህንንማ እናውቀዋለን» ትሉ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው እንደዚያው ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ማታ ማታ እናስተምራለን። አንድ ማታ እናቶችን «እጅ የሚታጠበው መቼ መቼ ነው?» ብለን ጠየቅን። መልሱ ተግተለተለ። ከሽንት ቤት መልስ። ሕፃን ካጸዱ በኋላ። ምግብ ከመሥራት በፊት። ከመብላት በፊት። ሕፃን ከማብላት በፊት። አንድም አልቀረም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተማሩት ነው። እኛም ደስ ብሎን ሁሉንም «ትክክል!» አልን።

ከእናቶቹ አንዷ ደብተሯን ረስታ ሄዳ ነበር። በማግሥቱ ልናደርስላት ወደ ቤቷ ሄድን። እሷ የለችም። በርበሬ ልትሸጥ ገበያ ወጥታለች። ቤት ያሉት አያትና የ9 ዓመት ገደማ ልጅ ናቸው። ልጅቱ ሕፃን ወንድሟን አዝላለች። ሕፃኑን ያስቀምጠዋል። አወረደችው። በቅጠል ጠረገችው። ቅጠሉን አጥሩ ሥር ጣለችው። ዶሮዎቹ ወዲያው ደረሱ። ከዚያ በዚያው እጇ ጣሳውን እንስራ ውስጥ አጠለቀችና ልታጠጣው ቀረበች። አያትየዋ ደግሞ «ውኃ አታብዥበት፣ ይብስበታል» አሏት።

እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ማታ የመለሰችልን እናትየዋ ናት። መልሷም ልክ ነው። ቀን ሕፃኑን የያዙት ግን ክፍላችንን ረግጠው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው።

እስቲ የየቤታችሁን አስቡ። በአረም ጊዜ፣ በአጨዳ ጊዜ፣ በገበያ ቀን ሕፃኑን ማን ይይዘዋል? ስለዚህ ይህን ገጽ ለብቻችሁ አታንብቡት። ጮክ ብላችሁ ለልጅቱና ለአያት አንብቡላቸው።

ተቅማጥ የሚመጣው ከሰገራ ነው። በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ከሰገራ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ጣሳ፣ ከጣሳ ወደ አፍ ይሄዳሉ። ዝንብም ይሸከማቸዋል። ሰኔ ሲገባ ጎርፉ የሜዳውን ሁሉ ጠርጎ ያልታጠረ ምንጭ ውስጥ ይከተዋል። «የሕፃን ሰገራ ምን አለው?» የሚሉ አሉ። እንደ አዋቂው ሰገራ ያሳምማል። ሽንት ቤት ይጣል፤ ከሌለ ይቀበር።

ልጅቱን «እጅሽን በሳሙና ታጠቢ» አልናት። አያትየዋ ሳቁ። «ውኃውን ማን ያመጣዋል ልጆቼ? የምትቀዳው ይቺው ናት» አሉን። ሳሙናውም ለልብስ ተብሎ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እውነት ለመናገር መልስ አልነበረንም። በአንድ ጀሪካን ስድስት ሰው በሚውልበት ቤት እጅ መታጠብ ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ አብረን አንድ ነገር ሠራን። አሮጌ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከታች በምስማር ቀዳን። ቀዳዳውን በእንጨት ውታፍ ደፈንን። በር ላይ ሰቀልነው። ውታፉ ሲላላ ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ ጥቂቱ ይበቃል። ሳሙና ከጠፋ አመድ ይሁን። ለመጠጥ ደግሞ እጅ የማይገባበት፣ ክዳን ያለው ጀሪካን ይሻላል። ውኃው ይፈላ፣ ወይም ከጤና ኬላ በሚገኝ መድኃኒት ይታከም።

አባቶች ሆይ፣ አህያው የእናንተ ነው። አህያው ለገበያ ብቻ አልተፈጠረም፤ ጀሪካንም ይጭናል። ጉድጓድ የሚቆፍር ክንድም ያላችሁ እናንተ ናችሁ። በምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ብዙ ቤተሰብ ሽንት ቤት ቆፈረ። ሥራውን የገፉት በተለይ ሴቶች ነበሩ። ሴት ልጅ ለመጸዳዳት እስኪጨልም መጠበቅ ሰልችቷታላ!

አሁን ወደ አያትየዋ እንመለስ። ሌላም ነገር ነግረውናል። «ጥርስ ሊያወጣ ነው እኮ፣ ለዚህ ነው የሚያስቀምጠው» አሉ። ይህንን በቡሬም፣ በጃቢ ጠህናንም ሰምተናል። አያቶቻችን ያስተዋሉት ጊዜውን ነው፤ ጊዜው ልክ ነው። ሕፃን 6 ወር ሲሞላው ጥርሱ ብቅ ይላል። በዚያው ሰሞን ግን ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል። መዳህም ይጀምራል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡ የሚገባው በዚህ በኩል ነው እንጂ በጥርሱ አይደለም። ስለዚህ ድዱን አስፈልፍሎ ጥርስ ማስነቀል ተቅማጥ አያቆምም። ሕፃኑን ያደማል፤ መሣሪያው ሌላ በሽታ ያስገባበታል። እባካችሁ ተዉት።

ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥና የአብሽ ውኃ ማጠጣትም እንዲሁ ይቅር። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። የሮታ ክትባት ደግሞ በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። ሕፃናትን በጣም ከሚጎዱት የተቅማጥ ዓይነቶች አንዱን ይከላከላል። በአፍ የሚንጠባጠብ ነው። ሕፃኑ 6 ሳምንት ሲሞላው ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

«ውኃ አታብዥበት» ያሉትስ? የቡሬ ገበሬ የበርበሬ ችግኙ ሲጠወልግ ውኃ ይነፍገዋል? ተቅማጥ ሕፃን የሚገድለው ውኃውንና ጨዉን ከሰውነቱ አሟጦ ነው። የወጣውን መተካት ነው መድኃኒቱ። ጡት የሚጠባ አብዝቶ ይጥባ። ምግብ የጀመረም አይከልከል።

የወጣውን የሚተካው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት ነው፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይሉታል። ጤና ኬላ ይገኛል። እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ለአንዲት እናት «በአንድ ጣሳ ውኃ በጥብጪው» አልናት። የማን ጣሳ? ትልቁ ወይስ ትንሹ? አልጠየቅንም። ውኃው ካነሰ ጨዉ ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳል። ውኃው ከበዛ ኃይሉ ይደክማል። ፓኬቱ ላይ ቁጥር አለ። አሁን ቁጥር ታነባላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው 1 ሊትር ነው። ለግማሽ ሊትር የተዘጋጀም አለ። ስለዚህ በየጊዜው አንብቡት። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ካላችሁ በሱ ለኩ። ከሌለ ሦስት የቢራ ጠርሙስ ሙሉ ውኃ 1 ሊትር ገደማ ነው።

የተበጠበጠው ከአንድ ቀንና ሌሊት በላይ አይቆይም፤ ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል። ሕፃኑ ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ሲኒ ያህል ስጡት። በማንኪያ ቀስ እያላችሁ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ጀምሩ። ከዱቄቱ ጋር የዚንክ እንክብል ይሰጣችኋል። ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ እስከ 10 ቀን አታቋርጡት።

በሰገራው ደም ከታየ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ሲደረግ ቶሎ ካልተመለሰ፣ እንዳትዘገዩ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በመንገድ ላይም አጠጡት።

ባንግላዴሽ የሚባል አገር አለ። እዚያ ብራክ የተባለ ድርጅት ከ1972 እስከ 1982 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች እየዞረ የወጣውን የሚተካ ውኃ መበጥበጥ ለእናቶች አስተማረ። የአስተማሪዎቹ ደመወዝ የሚታሰበው ባስተማሩት ቤት ብዛት ብቻ አልነበረም። ተቆጣጣሪ በኋላ ይመጣና እናትየዋን ይጠይቃል። ያስታወሰችው ብዙ ከሆነ አስተማሪዋ ብዙ ታገኛለች። ይህን ስናነብ አፈርን። በዚህ ደንብ ቢሆን ኖሮ የኛ ደመወዝ ያን ቀን ምን ያህል ይሆን ነበር? እዚያም ቢሆን መጀመሪያ ላይ እናቶች ያውቁታል፣ ግን ጥቂቶች ብቻ ይጠቀሙበት ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዳንዶቹ አስተማሪዎች ራሳቸው ሲታመሙ አይጠጡትም ነበር። እኛ ባለፈው ሳምንት አንዳችን ሆዱን ሲያመው በጥብጠን አጠጥተነዋል። እንባ እንባ ይላል፤ ግን ይጠጣል።

በመጪው ቅዳሜ ማታ ለትምህርት ስትመጡ በቤታችሁ ያለውን ጠርሙስ ወይም ጣሳ ይዛችሁ ኑ። አብረን እንለካለን፤ 1 ሊትር የሚደርስበት ላይ በምስማር ምልክት እናደርግበታለን። ሕፃን የሚይዙ ልጆቻችሁንም አምጡ። አያቶች ከመጡ ከፊት ለፊት መቀመጫ እናዘጋጃለን።