የተገለበጠ ኮድ እና የጠፋችው ጳጉሜን 6

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ጠዋት አልፎ አልፎ የምጽፍለትን አንድ ድረ ገጽ ስከፍት «መስከረም 1 ቀን 2016» ይላል። ዓመቱ አንድ ቀን ቀድሞ ገብቷል! የእኔም ጽሑፍ በዚያው ቀን ተለጥፏል። ድረ ገጹን ለሠራው ልጅ ደወልኩ። ሳቀና «ኮዱ ስድስተኛዋን ጳጉሜን አያውቃትም» አለኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። የቀን መቀየሪያውን መጀመሪያ የጻፈው ሰው የእኛ አዲስ ዓመት ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 የሚውል መስሎታል። በየአራት ዓመቱ አንዴ 12 ላይ እንደሚውል ዘንግቷል። የእኛ ልጅ ኮዱን ከቆየ ሥራው ገልብጦ አመጣው፤ እዚያም ያመጣው ከሌላ ሰው ገልብጦ ነበር። ለሌሎች ሁለት ደንበኞቹም ያንኑ ለጥፎላቸዋል። የእኛን በዕለቱ አረመ። ሁለቱ ግን በማግስቱም አንድ ቀን እንደቀደሙ ነበሩ። ካልነኳቸው እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ እንደዚያው ይሄዳሉ።

ይህ የፕሮግራመሮች የውስጥ ጉዳይ ነው የምትሉ ካላችሁ አልስማማም። የብድር መክፈያችንንም፣ የሐኪም ቀጠሯችንንም የሚቆጥረው ሶፍትዌር እየሆነ ነው።

ሌላ ሰው የሠራውን ኮድ የምንጠቀምበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሞጁሉን ኢምፖርት ማድረግ ነው። ስህተት ሲገኝ ባለቤቱ ያርማል፤ ተጠቃሚው አዲሱን ቨርዥን ያወርዳል፣ አለቀ። ሁለተኛው ገልብጦ መለጠፍ ነው። ኮዱ ከተገለበጠባት ደቂቃ ጀምሮ ከምንጩ ተቆርጧል፤ እርማቱ አይደርሰውም፤ የት የት እንደተለጠፈም የሚያውቅ የለም።

ገልባጮቹ ግን ዝም ብለው አይደለም የሚገለብጡት፤ የሚጠቅሱት ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2016 አንድ ፕሮግራመር በስም ይገባኛል ክርክር ተቆጥቶ ሞጁሎቹን ሁሉ ከኤንፒኤም አነሳ። ከመካከላቸው ሌፍት-ፓድ የሚባለው 11 መስመር ብቻ ነበር፤ ጽሑፍን በግራ በኩል ከመሙላት ሌላ ሥራ የለውም። እሱ ሲነሳ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ፕሮጀክት አልሠራ አለ። የ2024ቱ ደግሞ ይብሳል፤ ኤክስዜድ በተባለው ላይብረሪ ውስጥ የኋላ በር ተደብቆ ተገኘ። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ሰርቨሩ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው የጠረጠረው።

እኛ ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ አዲስ ሞጁል ላውርድ ማለት ዘበት ነበር። ለዚህ መፍትሔው ግን ሞጁሉን ከነቨርዥን ቁጥሩ፣ ሳይነኩት፣ ራስ ጋ አውርዶ ማስቀመጥ ነው። ከመሃሉ 20 መስመር ቆርጦ ስሙን ቀይሮ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ 11 መስመሩን ራሳችሁ ጻፉት፤ ለእሱ ሰው አትጠብቁ። ቀን፣ የይለፍ ቃል፣ ምስጠራ ሲሆን ግን ብዙ ሰው ያየውን ሞጁል ኢምፖርት አድርጉ፣ ቨርዥኑንም ቆልፉ፤ እርማት ሲወጣ አይታችሁ ከፍ አድርጉት። የግድ ከገለበጣችሁ ከየት እንዳመጣችሁት ከላዩ አንድ መስመር ጻፉበት። የእኛ ልጅ ይህችን አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ደንበኞቹን ለማስታወስ ያን ሁሉ ቀን ባልፈጀ።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። ልጁ ሁለቱንም አርሜያለሁ ብሎኛል። ያንን ኮድ ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንደገለበጠው ስጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም።